ታይሮዱን ከመምታታችን በፊት

የመኪናን የውጭ ታይሮድ ለመፍታት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሁለት ሦስት መፍቻዎች፣ ፒንሳና መዶሻ ያለው ሰው ሥራውን መጀመር ይችላል። በዚህም የተነሳ በቤት ሊሠሩ ከሚችሉ ጥገናዎች ተርታ ይመደባል፤ መመደቡም ስህተት አይደለም። ስህተቱ ያለው አደጋውን በምንፈልግበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው መሪን መነካካቱን ሲሆን፣ «መሪ ጋራዥ እንጂ ግቢ ውስጥ አይነካም» የሚለው ምክርም ከዚሁ ፍርሃት የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን በቅደም ተከተል ስንመረምረው፣ ሰው የሚጎዳባቸው ሰዓቶች ሌሎች ሆነው እናገኛቸዋለን። አንደኛው መፍቻው ታይሮዱን ገና ሳይነካ፣ መኪናው በሚነሳበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አዲሱ ታይሮድ ገብቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ መኪናው ወደ አስፋልት ሲወጣ ነው። ሁለቱም አደጋዎች የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው፤ ታይሮዱ ከጎማው ጋር ከተያያዘበት ዘዴ። ያንን ዘዴ የተረዳ ሰው የቀረውን ጥንቃቄ ማንም ሳይነግረው ሊደርስበት ይችላል፤ ያልተረዳ ሰው ግን መመሪያውን በቃሉ ቢያጠናውም እንኳ የትኛውን መስመር መዝለል እንደማይቻል አያውቅም።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የሚታዩትን ቶዮታ ኮሮላንና ቪትዝን እንውሰድ። መሪው ሲዞር፣ በሞተሩ ሥር ተጋድሞ ያለው የመሪ ሳጥን አንድ ጥርሳም ብረት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል። ከሳጥኑ ግራና ቀኝ፣ በጎማ ሸራ ተሸፍኖ፣ አንድ አንድ ዘንግ ይወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዘው ነው የውጭ ታይሮድ የሚባለው። ከጎማው ወገን ባለው ጫፉ፣ በግራሶ በተሞላ ጎድጓዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሉል አለ፤ ከሉሉ የወጣው ፔርኖ ጎማውን ከያዘው ብረት፣ ማለትም ከናክሉ፣ በወጣ ክንድ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። በፔርኖው ጫፍ ላይ እንደ ዘውድ የተከፋፈለ ዳዶ ይታሰራል። በዳዶው ክፍተትና በፔርኖው ቀዳዳ መካከል ደግሞ ኮፒሊያ፣ ማለትም ሁለት እግር ያላት ለስላሳ ሽቦ፣ ታልፋ ትታጠፋለች። በዘንጉ በኩል ደግሞ ታይሮዱ በራሱ እንዳይዞር የሚያስረው የመቆለፊያ ዳዶ አለ። ነገሩ በቃ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ፍርሃትን የሚቀንስ አንድ እውነት አለ፤ ታይሮድ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፣ ከታመቀ ስፕሪንግ ጋርም አይያያዝም። ሲፈታ ናክሉ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል እንጂ ተስፈንጥሮ የሚመጣ ነገር የለም። ከበታቹ ያለው ቦል ጆይንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከክብደትና ከስፕሪንግ ኃይል ጋር ሊያያዝ ስለሚችል፣ ሁለቱን በመልክ አመሳስሎ መጀመር አይገባም። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ግራና ቀኙን በሁለት እጅ ይዘን ስናወዛውዘው ቀጭ ቀጭ ካለ ጥርጣሬው በታይሮድ ላይ ይወድቃል፤ ከላይና ከታች ይዘነው ከላላ ግን ቦል ጆይንቱን ወይም ኩሽኔታውን እንመርምር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያ ፔርኖ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሾጣጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ8 ወይም በየ10 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር ያህል እየቀጠነ ይሄዳል። የናክሉ ቀዳዳም በዚያው ልክ ሾጥጦ የተሠራ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ፔርኖውን ወደ ቀዳዳው ይስበዋል፣ ሁለቱ ብረቶችም ዙሪያውን ይነካከሳሉ። የሾጣጣው ተዳፋትነት በጣም ትንሽ ስለሆነ በብረትና በብረት መካከል ያለው ሰበቃ ያሸንፈዋል፤ ስለዚህ ፔርኖው በጠርሙስ አፍ ውስጥ ተጠቅጥቆ እንደገባ ቡሽ ማንም ሳይዘው ይያዛል። ጀማሪውን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ኮፒሊያው ወጥቷል፣ ዳዶው ተፈትቷል፣ ታይሮዱ ግን ንቅንቅ አይልም። እልህ ይመጣል፣ ከእልሁ ጋር ትልቅ መዶሻ ይመጣል። እዚህ ደረጃ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ቀላል አይደለም፤ መኪናው በምን ላይ እንደቆመ ወሳኝ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሾጣጣውን የሚያላቅቀው ምትና ጉተታ፣ መኪናን ከክሪክ ላይ የሚያንሸራትተው ምትና ጉተታ ራሱ ነው።

1,100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ኮሮላ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ከፊት ነው፤ አንዱን የፊት ጥግ ያነሳ ክሪክ ከ300 ኪሎ በላይ ተሸክሞ ቆሟል ማለት ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተጣጣፊ ክሪክ ሸክሙን ወደ ታች እንዲችል ተሠርቷል፤ መቀመጫው ግን ጠባብ ስለሆነ የጎን ግፊት አይወድም። የዘይቱ ክሪክ ጠንካራ ቢመስልም ከፍታውን የያዘው በጎሚኒ የታፈነ ዘይት ነው፤ ጎሚኒው ካረጀ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ከተቀደደም በአንድ ጊዜ። አሁን ግትር ያለን ዳዶ በ40 ሳንቲሜትር መፍቻ እንፍታ እንበል። ዳዶው 100 ኒውተን ሜትር ከጠየቀ እጃችን 25 ኪሎ ያህል ኃይል ያደርጋል፤ አቅጣጫውም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ሞተሩ የፊት ጎማዎችን በሚነዳ መኪና ላይ ማርሽ አስገብቶ ወይም ፒ ላይ አድርጎ መተማመን፣ አንዱ የፊት ጎማ በተነሳ ቅጽበት ዋጋ ያጣል። ዲፈረንሻሉ የተነሳው ጎማ በነጻ እንዲዞር ስለሚፈቅድ፣ መሬት ላይ የቀረው ጎማም መንከባለል ይችላል። መኪናውን የያዘው የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፤ የስንቶቻችን የእጅ ፍሬን በደንብ እንደሚይዝ ደግሞ እናውቀዋለን። ስለዚህ የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸዋል። መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላም አምራቹ ባመለከተው ጠንካራ ቦታ ሥር የብረት መደገፊያ ገብቶ ክብደቱ በእሱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ከዚያ መኪናውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጎ ማየት ነው፤ መንሸራተት ካለበት ጎማው ሳይወልቅ አሁኑኑ ይንሸራተት። መሬቱ ኮብልስቶን ወይም አፈር ከሆነ ከመደገፊያው ሥር ወፍራም ሳንቃ ያስፈልጋል፤ ግቢው ተዳፋት ከሆነ ግን የሚሻለው ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ድንጋይና ብሎኬት መደገፊያ አይሆኑም። ብሎኬት በተለይ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «እኔ እኮ ከመኪናው ሥር አልገባም፤ ከጎን ሆኜ ነው የምሠራው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ለዚህ ሥራ በጀርባ መተኛት የግድ አይደለም። ነገር ግን ጎማው ሲወልቅ መኪናው ቢወድቅ የሚያርፍበት ጎማ የለም፤ በፍሬን ዲስኩና በመኪናው ወለል ይወርዳል። የሠራተኛው ክንድ በዚያ ሰዓት በመከላከያውና በዲስኩ መካከል፣ ጉልበቱ ከዲስኩ ሥር፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ዳዶውን ለማየት ወደ ውስጥ ዘልቆ ነው ያለው። የወለቀውን ጎማ ከመኪናው ወለል ጠርዝ ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ መደገፊያውን አይተካም፤ ምንም ወጪ የሌለው ሁለተኛ መድን ግን ይሆናል። ሌላው መልስ «ጋራዥ ውስጥ በክሪክ ብቻ፣ በሁለት መዶሻ፣ በአሥር ደቂቃ ይፈቱታል» ነው። ይፈቱታል። ይሁንና መካኒኩ በአሥር ደቂቃ የጨረሰው ሾጣጣውን የት መምታት እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ምት ይለቅለታል። ጀማሪ አርባ ጊዜ ይመታል፣ ያውም ግማሹን በተሳሳተ ቦታ። መኪናውን የሚያንቀጠቅጠው የምቱ ብዛት ስለሆነ የልምዱ ማነስ ራሱ መደገፊያን ግዴታ ያደርገዋል። በክሪክ ብቻ የሚሠራው ባለሙያም ቢሆን እስካሁን አለመውደቁ ዘዴውን ትክክል አያደርገውም።

የሥራው ቅደም ተከተልም ከዚሁ ሐሳብ ይወጣል፤ ትልቅ ጉልበት የሚጠይቀው ሁሉ መኪናው በጽኑ ሲቆም፣ የሚቻለው ደግሞ ጎማው መሬት ላይ ሳለ ይሠራል። የጎማ ብሎኖቹ መኪናው ሳይነሳ ትንሽ ትንሽ ይላላሉ። ጎማው ከወለቀ በኋላ መጀመሪያ የሚላላው ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚሄድበት ባለ ዘውዱ ዳዶ ሳይሆን በዘንጉ ላይ ያለው የመቆለፊያ ዳዶ ነው፤ ታይሮዱ በናክሉ ላይ እንደታሰረ ሳለ ለመፍቻው ጥሩ ተቃውሞ ይሰጣልና። ዘንጉ ራሱ ደግሞ በሌላ መፍቻ፣ ለዚሁ በተሠራለት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይያዛል፤ ካልተያዘ ጉልበቱ በውስጠኛው ሉል ላይ ያልፋል፣ ሸራውንም ይጠመዝዛል። የመቆለፊያ ዳዶው ከሩብ ወይም ከግማሽ ዙር በላይ መሄድ የለበትም፤ ቆይቶ የምንለካበት ምልክታችን እሱ ነው። የጥርሱን አቅጣጫም ቀድሞ ማየት ነው። እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ መኪኖች ሁለቱም ወገኖች አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ዙር ናቸው። ታይሮዶቹ በአንድ ቱቦ በተገጣጠሙባቸው ፒክአፖችና አሮጌ መኪኖች ግን አንደኛው ጫፍ ግራ ዙር ነው፤ ይህን ያላወቀ እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ይውላል።

ወደ ሾጣጣው እንመለስ። ኮፒሊያው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ አሮጌ ከሆነ ተሰብሮ ስለሚፈናጠር መነጽር ከዚህ ጀምሮ ከዓይን አይወርድም። ባለ ዘውዱ ዳዶ ይላላል፣ ግን ተፈትቶ አይወጣም፤ በጥቂት ጥርሶች ላይ ይተዋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። የታመቀ ሾጣጣ በፑለር፣ ማለትም ፔርኖውን ገፍቶ በሚያወጣው መሣሪያ፣ ሲለቅ ተኩስ የመሰለ ድምፅ አሰምቶ ይዘላል፤ ዳዶው ካለ ዝላዩ እዚያው ያበቃል። በተጨማሪም የፔርኖው ጥርስ ከመዶሻ ይጠበቃል። በፔርኖው ጫፍ ላይ ቁልቁል መምታት ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይደፈጠጣል፣ ዳዶው ከዚያ በኋላ አይወጣም፣ ሾጣጣው ግን እንደታመቀ ነው። የሚመታው ፔርኖው ሳይሆን ቀዳዳውን የያዘው የናክሉ ክንድ ነው፤ ከጎኑ፣ ፔርኖው በሚያልፍበት ትይዩ። ምቱ ክቡን ቀዳዳ ለቅጽበት ወደ ሞላላነት ይለውጠዋል፣ ዙሪያውን የነበረው ንክሻም ይቋረጣል። ከተቃራኒው ጎን ሌላ ከባድ መዶሻ ተደግፎ ከተያዘ ጉልበቱ በመኪናው ላይ ከመባከን ይልቅ በቀዳዳው ላይ ያርፋል፤ ምቱም ያንሳል፣ መኪናውም ያርፋል። ይህ የሚሠራው ግን ናክሉ ብረት ሲሆን ነው። በአሉሚኒየም ናክል ላይ መዶሻ አይሰነዘርም፤ ሊሰነጠቅ ይችላልና በፑለር ብቻ ይሠራል። በታይሮዱና በክንዱ መካከል የሚገባው ባለ ሹካ ሽብልቅ ሥራውን ይሠራል፣ የሉሉን የጎማ ሸራ ግን ይቀደዋል፤ ታይሮዱ የሚጣል ከሆነ ምንም አይደለም፣ ተመልሶ የሚገጠም ከሆነ ግን ጥፋት ነው።

ስለ እሳትም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ብየዳ ቤት አቅራቢያችን ስላለ ብቻ ሐሳቡ ይመጣልና። የጋለ ብረት ይሰፋል፣ ሾጣጣውም ይለቃል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን በሉሉ ውስጥ ያለው ግራሶ ይነዳል፣ ሸራው ይቀልጣል፣ የፍሬን ጎሚኒ ቱቦ ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ የናክሉ ጥንካሬም ሊቀንስ ይችላል። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከዋዜማው ጀምሮ ደጋግሞ መርጨት ቀርፋፋ ቢሆንም የሚጠይቀን ትዕግሥት ብቻ ነው። በአገራችን ይህ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በክረምት መንገዱ ጨው በሚደረግበት በሚኒሶታ ወይም በቶሮንቶ የሚኖር አንባቢ ግን የመቆለፊያ ዳዶው ከዘንጉ ጋር አንድ ብረት ሆኖ ሊያገኘው እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ። እዚያ ዘንጉን ጭምር መለወጥ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሌላ መሄጃ በሌለበት ቀን ይህን ሥራ መጀመር አይመከርም።

ታይሮዱ ከናክሉ ከተላቀቀ በኋላ ከዘንጉ ላይ እየተጠመዘዘ ይወጣል፤ ሁለተኛው አደጋ የሚዘራው እዚህ ነው። ታይሮዱ በዘንጉ ላይ የገባበት ጥልቀት የጎማውን አቅጣጫ ይወስናል። በብዙ ትንንሽ መኪኖች የዘንጉ ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1.5 ሚሊሜትር ይሄዳል። የናክሉ ክንድ ርዝመት 150 ሚሊሜትር ቢሆን፣ አንድ ዙር ስህተት ጎማውን ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በላይ ያዞረዋል። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ስንለካው በፊተኛውና በኋለኛው ጫፍ መካከል ወደ 4 ሚሊሜትር የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ አምራቾች ለሁለቱ ጎማዎች በአንድ ላይ የሚፈቅዱት ልዩነት ብዙውን ጊዜ በ2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ዙር የተሳሳተ ሰው «ትንሽ» አልተሳሳተም። መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊስብ፣ መሪው ተጣሞ ሊቆም፣ የጎማውም ጠርዝ በአጭር ጊዜ ተፍቆ ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ ነው ሦስት ነገር የሚያዘው፤ ከመፍታት በፊት በመቆለፊያ ዳዶውና በዘንጉ ላይ የቀለም ምልክት፣ ከዳዶው እስከ ፔርኖው መሃል ያለው ርቀት፣ ሲወጣም የዙሩ ብዛት።

እዚህ ላይ ብልህ የሆነ ተቃውሞ ይነሳል፤ «ዙሩን ከቆጠርኩ፣ በቆጠርኩት ልክ ከመለስኩ፣ ለአላይመንት፣ ለጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ ለምን እከፍላለሁ?» ያው ታይሮድ ተፈትቶ ያው ቢመለስ ኖሮ ክርክሩ ክብደት ነበረው። የሚገባው ግን አዲስ ዕቃ ነው። የአዲሱ ጥርስ የሚጀምርበት ቦታና እስከ ፔርኖው ያለው ርዝመት ከአሮጌው በአንድ ወይም በሁለት ሚሊሜትር ቢለይ፣ በተለይ ከሌላ አምራች ከተገዛ፣ ትክክለኛው ቁጥር የተሳሳተ አቅጣጫ ይሰጣል። አሮጌው ታይሮድ ልል ሆኖ ሳለ የተስተካከለ አላይመንትም ቢሆን ከመጀመሪያው የሚታመን ልኬት አልነበረም። እንግዲህ መቁጠሩ የሚጠቅመው መኪናውን እስከ አላይመንት ቤቱ ድረስ በቀስታ ለማድረስ ነው። መለኪያውን መተካት አይችልም።

መመለሱ ላይ ሾጣጣው እንደገና ሕጉን ይሰጣል። ንክሻው የሚመጣው ከብረትና ከብረት ግንኙነት ስለሆነ ቀዳዳውና ፔርኖው በንጹሕ ጨርቅ ተጠርገው ደረቅ ሆነው ይገናኛሉ፤ ግራሶ መቀባት ደግነት ይመስላል እንጂ ጉዳት ነው። ዳዶው በመኪናው መመሪያ ልክ ይጠብቃል፤ በብዙ የቶዮታ ትንንሽ መኪኖች 49 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ የፔርኖው ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር ካልገጠመ፣ እስከሚቀጥለው ክፍተት ድረስ ጨምሮ ማጥበቅ እንጂ መልሶ ማላላት ፈጽሞ አይፈቀድም። ማላላት ማለት ሾጣጣውን የሚስበውን ኃይል መቀነስ ነው፤ ኃይሉ ሲቀንስ ፔርኖው በቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ መጫወት ይጀምራል፣ የሚጫወት ሾጣጣም ቀዳዳውን እየበላ ይሄዳል። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ነው። አንድ ጊዜ ታጥፎ የተቃና ሽቦ ሁለተኛ እጥፋት ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ዋጋው ደግሞ ከሻይ አይበልጥም። ስለዚህች ሽቦ የሚሰማው «ዳዶው ከጠበቀ ምን ታደርጋለች?» የሚል ንቀት ግማሽ እውነት አለው። ሾጣጣው በደንብ ከተቀመጠ ኮፒሊያዋ ሥራ ፈት ናት። ሥራ የምታገኘው ዳዶው በሆነ ምክንያት መላላት ሲጀምር ነው፤ በዚያ ቀን እሷ ከሌለች ዳዶው ይወጣል፣ ሾጣጣው በመንገዱ ንዝረት ይለቃል፣ አንደኛው የፊት ጎማ ከመሪው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። መንገዱ ቁልቁለት ከሆነ ቀሪውን ለመገመት አያስቸግርም።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ወዳለፍነው ምክር፣ «መሪ ግቢ ውስጥ አይነካም» ወደሚለው እንመለስ። ተናጋሪዎቹ ያላቸው ጠንካራ መከራከሪያ፣ ስህተቱ ከሠሪው አልፎ መንገደኛውን መንካቱ ነው። ይህን ማቃለል አይቻልም። ሆኖም በጋራዥ የተሠራን ታይሮድ ትክክለኛ የሚያደርጉት ደረቅ ሾጣጣ፣ በልኩ የጠበቀ ዳዶ፣ የታጠፈ አዲስ ኮፒሊያና የታሰረ የመቆለፊያ ዳዶ ናቸው፤ አራቱም በሥራው ሰዓት በዓይንና በመፍቻ የሚፈተሹ ነገሮች ናቸው። በውስጥ ተደብቆ የሚቀር ነገር ባለመኖሩ ይህ ሥራ ከብዙ የመኪና ሥራዎች ይልቅ ለመፈተሽ የሚመች ነው፤ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ጎማው ሳይመለስ እንዲያይልን ማድረግም ይቻላል። ምክሩ የሚገባው ለሌላ ሰው ነው፤ መደገፊያ ለሌለው፣ ሜዳ ቦታ ለሌለው፣ አሉሚኒየም ናክል ይዞ ፑለር ለሌለው፣ የተበላ ቀዳዳ አይቶ «ይሁን» ለሚል። የተበላ ቀዳዳ አዲስ ታይሮድ አይቀበልም፤ ናክሉ ራሱ ይለወጣል እንጂ።

ጎማው ሲመለስ ብሎኖቹ በተቃራኒ ጎን እየተሻገሩ ይታሰራሉ፣ የመጨረሻው ማጥበቂያ መኪናው መሬት ከነካ በኋላ ነው፤ ለእነዚሁ መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር። ወደ አላይመንት ቤት የሚደረገው ጉዞ በዝግታ፣ ቀለበት መንገዱን ሳይነኩ ነው። እዚያ ሲደረስ ለሠራተኛው የትኛው ወገን እንደተቀየረ መንገር ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ሲዞር ሸራው አብሮ እንዳይጠመዘዝ ትንሿን የሸራ ማሰሪያ እንዲያላላም ይጠየቅ። ሲጨርስም የመቆለፊያ ዳዶው በሁለቱም ወገን መታሰሩን ወርዶ በዓይን ማየት ነው። ማሽኑ የሚያሳየው ማዕዘኑን ነው፤ የዳዶውን መጥበቅ ማሽን አያየውም።